ፋይበር ቀብሮ መሬት ማዳመጥ፦ ከመተሐራ አጠገብ የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ 22

ሳጥኑ ዛሬ እጃችን ገባ። ውጭ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ወር ያዋሰን ነው። ስሙ ኢንተሮጌተር ነው፣ እኛ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሳጥኑ» እያልን ነው የምንጠራው። ከፊቱ አንዲት አረንጓዴ የፋይበር መሰኪያ አለችው። የሚለካው ነገር ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል፣ በዚያችው ይገባል።

ሥራውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሳጥኑ 1550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው የሌዘር ብልጭታ ወደ ፋይበሩ ይልካል። መስታወቱ ውስጥ፣ ሲሠራ ጀምሮ አብረውት ያሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድለቶች አሉ። ብርሃኑ በየደረሰበት ከእነሱ ጋር እየተላተመ ትንሽ ትንሹ ወደ ኋላ ይመለሳል። መሬት ሲንቀሳቀስ የተቀበረው ኬብል ይለጠጣል፣ ይጨመቃል፣ የሚመለሰው ብርሃን ፌዝም (ሞገዱ ከውጣ ውረዱ የቱ ላይ እንደደረሰ የሚያሳየው) አብሮ ይለወጣል። ስሌቱን በወረቀት ሠርቼው ራሴ ደነገጥኩ፤ 10 ሜትር ፋይበር በአንድ አሥር ሺኛ ሚሊ ሜትር ቢለጠጥ ፌዙ አንድ ራዲያን ያህል፣ ማለትም ከሙሉ ዙር አንድ ስድስተኛ ገደማ፣ ይዞራል። ይሄን ሳጥኑ በቀላሉ ያያል። ስለዚህ አንድ ኬብል ብትቀብር በየሁለት ሜትሩ አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ የተከልክ ያህል ነው። ዘዴው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዳስ ይባላል።

ለምን እዚያ? ከመስከረም 2017 ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን በተባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ምድር ስትናወጥ ከረመች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 25 ዶፈን አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎትና ጭቃ ወጣ። የካቲት 7 ደግሞ በሬክተር 6.0 የተለካው መጣ። አክስቴ አዋሽ ነው የምትኖረው። ያን ታኅሣሥና ጥር ከነልጆቿ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ወጥራ ነው ያደረችው። ማታ ማታ ትደውልና «ዛሬስ ይመጣል ወይ?» ትለኛለች። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም፤ መንቀጥቀጥን ቀድሞ የሚናገር መሣሪያ የለም። ግን ከመሬት በታች ምን እየሆነ እንዳለ አሁን ከምናየው በላይ ጥርት አድርጎ ማየት ይቻላል። ለእሷ ማድረግ የምችለው ያንን ነው።

ታኅሣሥ 24

ቢሮ ውስጥ በ2 ኪሎ ሜትር ጥቅል ፋይበር ሞከርነው። ጠረጴዛውን በጣቴ መታ ሳደርግ ስክሪኑ ላይ መስመር ወጣ። ፎቅ ላይ የሚሄድ ሰው እርምጃ ታየ። ሳጥኑ ጤነኛ ነው። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጥር 2

ቦታው ከመተሐራ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የእርሻ ግቢ ነው፤ ባለቤቶቹ መሬቱንም የዕቃ ቤቱንም ፈቀዱልን። ከግቢው ሆኖ ወደ ሰሜን ሲያዩ ፈንታሌ ፊት ለፊት ነው። በግራ በኩል የበሰቃ ሐይቅ ይታያል።

ኬብሉን በቀጥታ መስመር አንቀብረውም። ኬብል የሚሰማው በርዝመቱ አቅጣጫ ሲለጠጥ ነው፤ ልክ ከጎኑ የሚመጣውን ፒ ሞገድ (ከመንቀጥቀጡ ሞገዶች ቀድሞ የሚደርሰውን) አይሰማም ማለት ይቻላል። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ቢኖረን ለአንድ አቅጣጫ ደንቆሮ እንሆናለን። ስለዚህ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ 600 ሜትር ወደ ሰሜን፣ 600 ሜትር ወደ ምሥራቅ። ኬብሉ አራት ክር አለው። መጨረሻው ላይ አንደኛውን ክር ከሁለተኛው ጋር ስፕላይስ እናደርጋለን (መስታወቱን አቅልጠን እናጣብቃለን)፣ ብርሃኑ ሄዶ በዚያው ኬብል ይመለሳል። አንዱን መሬት ሁለት ጊዜ ለካነው ማለት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ችግሩ ከመሬት ሳይሆን ከእኛ እንደሆነ እናውቃለን።

ርዝመቱ ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ በጣልያን ኤትና ተራራ ጫፍ አጠገብ የተቀበረው ኬብል 1.3 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በእሳተ ገሞራው ውስጥ ያሉ ረቂቅ እንቅስቃሴዎችን ለማየት በቂ ሆኗል።

ጥር 4

ቁፋሮ ተጀመረ። ስድስት የሰፈር ልጆች ቀጠርን። ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን ብለናል። የሰሜኑ መስመር አመድ የመሰለ ደቃቅ አፈር ነው፣ አካፋ ብቻ ይበቃዋል፤ እስከ ምሳ 200 ሜትር ሄድን።

ጥር 6

የምሥራቁ መስመር ከ350ኛው ሜትር ጀምሮ ድንጋይ ሆነ። ጥቁር ባዛልት። ዲጂኖው ይነጥራል። 110 ሜትር ያህል ላይ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ መውረድ አልቻልንም። መስመሩን ማዞር ይቻል ነበር፣ ግን ክርኑ ይጣመማል፤ ልጆቹም ደክመዋል። እንዳለ ይሁን ብዬ ወሰንኩ። ይሄን ውሳኔ እዚህ የምጽፈው በኋላ ስለምመለስበት ነው።

ጥር 8

ኬብሉ ገባ። ስለ አቀባበሩ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይሄ ይመስለኛል። ሳጥኑ የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ አፈሩ ኬብሉን ካልጨበጠው ምንም አይሰማም። የመረጥነው የቴሌኮም ኬብል ሳይሆን ሽፋኑ ክሩን ጥብቅ አድርጎ የያዘ ዓይነት ነው፤ ክሩ በጄል ውስጥ የሚንሳፈፍበት ኬብልም ይሠራል፣ ግን የመሬቱን መለጠጥ እንደ ጥብቁ አያስተላልፍም። ቦዩ ውስጥ መጀመሪያ በወንፊት የተነፋ አፈር ሁለት ጣት ያህል አነጠፍን። ከዚያ ኬብሉን ሳይጎተትና ሳይረግብ አጋደምነው። በላዩ እንደገና የተነፋ አፈር፣ ከዚያ ተራው አፈር፣ ከዚያ በእግር መርገጥ። ከድንጋዩ ሥር ክፍተት ከቀረ ኬብሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ክራር ክር ይርገበገባል። አንደኛው ልጅ ይሄን ስነግረው ከዚያ በኋላ በየሜትሩ ተንበርክኮ በእጁ እየዳሰሰ ነበር የሚሞላው። ማታ ላይ በቦቴ ውኃ አስመጥተን ሙሉውን መስመር አጠጣነው። አፈሩ ሲደርቅ ይጠብቃል።

ጥር 9

ዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ውስጡ 41 ዲግሪ ለካን። ሳጥኑ ይሄን አይችልም። ከጣሪያው በላይ እንጨት ተክለን ሣር የለበሰ ጥላ ልንሠራ ስንዘጋጅ፣ የግቢው ጥበቃ ጋሼ መጥተው አዩንና «ዳስ ልትጥሉ ነው? ሠርግ ነው ወይስ ለቅሶ?» አሉን። የኬብሉም ዘዴ ስሙ ዳስ እንደሆነ ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ ቁጭ ብለው አስተማሩን፤ የምዕራቡን በኩል ዝቅ አድርጉት፣ የከሰዓቷ ፀሐይ ናት የምትገርፈው፣ በሣሩና በቆርቆሮው መሀል ደግሞ ክንድ ያህል ክፍተት ተዉ፣ ነፋስ ይለፍበት። እንዳሉት አደረግን። ዛሬ በዚያው ሰዓት 34 ሆነ። አንድ ማራገቢያ ሲጨመር 32።

ከነገ ጀምሮ ከተራ፣ ጥምቀት፣ ሚካኤል ነው። ሥራ የለም። አፈሩም ይረፍ።

ጥር 13

ስፕላይስ። ቴሌኮም ላይ ስሠራ ብዙ ሺህ ስፕላይስ ሠርቻለሁ፣ የመተሐራ ነፋስ ግን ሌላ ነገር ነው። አቧራው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። መኪና ውስጥ ገብተን መስኮቱን ሁሉ ዘጋን፣ ኤሲውንም አጠፋን፣ የስፕላይስ ማሽኑን ጭኔ ላይ አደረግኩት።

ሽፋኑን ልጠህ ስታወጣው ባዶው መስታወት ከሽፋኑ ጋር ሲወዳደር እንደ ሸረሪት ድር ነው፣ ውፍረቱ 125 ማይክሮ ሜትር። በአልኮል የራሰ ጨርቅ ሲጠረግ ንጹሕ ከሆነ ጣት ሥር ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ካልመጣ ገና ነው። ክሊቨሩ (መቁረጫው) ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ክዳኑን ትጫናለህ፣ ጠቅ። ማሽኑ ሁለቱን ጫፎች በስክሪን አጉልቶ ያሳያል፤ እንደ ሁለት ነጭ ምሰሶ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከዚያ ሰማያዊ ብልጭታ፣ አንድ ሰከንድ፣ ምሰሶዎቹ አንድ ይሆናሉ።

የመጀመሪያው 0.3 ዲሲቤል ሎስ (የብርሃን ብክነት) አለው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን 1.5 ኪሎ ሜትር ፋይበር የሚያባክነውን ያህል ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ ሄዶ ስለሚመለስ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ቆረጥኩት። ሁለተኛው 0.02። ኦቲዲአር (ብክነትን ቦታ በቦታ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ቦታውን ራሱ ማግኘት አቃተኝ፣ ያ ነው የሚፈለገው።

ጥር 14

ሳጥኑን አገናኘን። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ዓምድ ወጣ፣ ከኋላው ያሉት 20 ሜትሮች ጨለማ ናቸው። አንድ ሰዓት ፈጀብን። ችግሩ ሳጥኑን ከኬብሉ የሚያገናኘው አጭር ገመድ፣ ፓች ኮርዱ፣ ነበር። አንዱ ጫፉ ሰማያዊ ነው፣ ማለትም ፊቱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ። ሰማያዊው ጫፍ ብርሃኑን እንደ መስታወት መልሶ ሳጥኑ ዓይን ላይ ይወረውረዋል። አረንጓዴው ፊቱ በ8 ዲግሪ ሰያፍ ስለሆነ ነጸብራቁን ወደ ጎን ይጥለዋል። ለኢንተርኔት ሥራ ልዩነቱ ብዙ ላይሰማህ ይችላል፤ እዚህ ግን የምናዳምጠው ከሹክሹክታ ያነሰ ብርሃን ነው። ቀየርነው፣ ዓምዱ ጠፋ። የተመለሰውን ክር ጫፍ ደግሞ እርሳስ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሥር ዙር ጠመጠምኩት፤ ብርሃኑ እዚያው ያልቃል፣ አይመለስም።

ጥር 16

የማርቴሎ ቀን። ሳጥኑ ርቀትን የሚያውቀው በብርሃን ጉዞ ነው፤ ቻናል (በየሁለት ሜትሩ ያለ አንድ የመለኪያ ነጥብ) 400 እዚህ ቦታ ነው ብሎ አይነግርህም። ስለዚህ በየ20 ሜትሩ ብረት ሳህን መሬት ላይ አስቀምጠን በ8 ኪሎ ማርቴሎ አምስት አምስት ጊዜ መታን። 60 ቦታ፣ 300 ምት። የእያንዳንዱን ቦታ ጂፒኤስና ሰዓት አንድ ባልደረባዬ ደብተር ላይ ይጽፋል።

እያንዳንዱ ምት ሁለት ቦታ ይታያል፤ አንዱ ሲሄድ፣ አንዱ ሲመለስ። ምቱ ወደ ኬብሉ መጨረሻ ሲጠጋ ሁለቱም ወደ መሀል ይቀራረባሉ። ስክሪኑ ላይ እንደተከፈተ መጽሐፍ ነው። እዚህ ላይ ቆሜ ብዙ አየሁት።

ውጤቱ፦ በሜትር የለካነው መሬት 1,200 ነው፣ ብርሃኑ የቆጠረው ግን በአንድ መንገድ 1,231። የት ሄደ 31 ሜትሩ? 14 ሜትር ክርኑ ላይ ለክፉ ቀን የተጠቀለለ ትርፍ፣ 12 ሜትር ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ የቀረው ቦዩ ውስጥ የተጠማዘዘው። ማርቴሎ ባንይዝ ኖሮ ከክርኑ በኋላ ያለው ቻናል ሁሉ በ26 ሜትር ተንሸራቶ ይቀመጥ ነበር፣ እኛም ሳናውቅ ወራት እንሠራበት ነበር። የቴሌኮም ኬብል ላይ ደግሞ በየማንሆሉ ብዙ ሜትር ትርፍ ይጠቀለላል። እሱ ላይ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከምንም በፊት ይሄን ያስብ።

ጥር 17

የደብተሩ ሰዓትና የሳጥኑ ሰዓት አልገጠመም። ደብተሩ ላይ «4፡20» ይላል፣ ፋይሉ ውስጥ ምቱ ያለው 07፡20 ላይ ነው። ሳጥኑ በዓለም አቀፍ ሰዓት ይሠራል። እኛ ጠዋት 4፡20 የምንለው በፈረንጅ አቆጣጠር 10፡20 ነው፣ ከዚያ ላይ ሦስት ሰዓት ሲቀነስ 07፡20። ቀን ላይ እዳው ገብስ ነው። ሌሊት ግን አደገኛ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተከሰተ ነገር ፋይሉ ውስጥ ያለው በትናንትናው ቀን 23፡00 ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደብተሩ ሁለት ዓምድ አለው፣ ሁለቱም ይሞላሉ።

በዚያው የጂፒኤስ አንቴናውን አየሁ። ከቆርቆሮው ሥር ነበር የተቀመጠው፣ ሳተላይት የሚያገኘው አንዳንዴ ብቻ ነው። እንጨት ተክለን ከዳሱ በላይ አወጣነው። ሰዓት ከሌለ የመሬት መንቀጥቀጥ መረጃ ከሌላ ጣቢያ ጋር ሊገናኝ አይችልም፤ ለብቻው የቀረ መስመር ብቻ ነው።

ጥር 20

ሦስት ቀን ሙሉ የተቀዳውን ተመለከትኩ። ቀን ላይ የጅቡቲ መንገድ ተሽከርካሪዎች ናቸው መሬቱን የያዙት። የጭነት መኪና ከሩቅ ሲመጣ እንደ ሰያፍ መስመር ይታያል፣ ከመስመሩ ማዘንበል ፍጥነቱን ማንበብ ይቻላል። ባቡሩ ሲያልፍ ሁሉም ቻናል ይነጣል። አንድ ጠዋት ቀጭን ቀጭን ነጠብጣቦች በሰሜኑ መስመር ላይ ሲንሸራሸሩ አየሁ፤ ፍየሎች ነበሩ። ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ፀጥታ ነው። ለእኛ ያ ወርቅ ነው።

ያ ባዛልት ላይ ያለው 110 ሜትር ግን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይጮኻል። አፈሩ አልጨበጠውም። በዚያ ቀን መስመሩን ላዞር ይገባኝ ነበር።

መረጃው በቀን 213 ጊጋባይት ገደማ ነው። 1,231 ቻናል፣ በሰከንድ 500 ጊዜ፣ እያንዳንዱ 4 ባይት። 8 ቴራባይቱ ዲስክ 37 ቀን ይይዛል።

ጥር 23

መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተር ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ 60 ሜትሮች ላይ በ50 ኸርዝ ቀጥ ያለ መስመር። የጄኔሬተሩ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ነው የሚዞረው፣ ማለትም በሰከንድ 50፣ መሬቱን በእግሩ ይደልቀዋል። ከኬብሉ 80 ሜትር አራቅነው፣ ከሥሩ የመኪና ጎማ አደረግን። ቀነሰ፣ ጨርሶ አልጠፋም። አሁን ባትሪዎቹ ሌሊቱን እንዲሸከሙ፣ ጄኔሬተሩ ቀን ብቻ እንዲሠራ አደረግን።

ጥር 27

መጣ።

ከሌሊቱ 8፡47 ላይ። እኔ ተኝቼ ነበር፣ ምንም አልተሰማኝም፣ ጋሼም አልተሰማቸውም። ጠዋት ፋይሎቹን ስከፍት ነው ያየሁት፤ በሁሉም ቻናል ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ጥቁር ሰፊ መጋረጃ። ያ ከፒ ዘግይቶ የሚደርሰው ኤስ ሞገዱ ነው። ፒውን ፈለግኩት፣ በነጠላ ቻናል አይታይም። ሞገዱ ከታች ወደ ላይ ሽቅብ ስለሚመጣ የተጋደመ ኬብል ፒን ብዙም አይሰማም፣ ይሄን አስቀድመን እናውቃለን። የሰሜኑን መስመር 50 ጎረቤት ቻናሎች ደምሬ ሳይ ከድምፁ ውስጥ ብቅ አለ። ከፒ እስከ ኤስ 2.6 ሰከንድ። የአንድ ሰከንድ ልዩነት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ስለሆነ፣ ይሄ በ8 ሲባዛ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ በሁለቱ የክርኑ ክንዶች ላይ የደረሰበትን ጊዜ አወዳደርኩ፣ ከሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ነው የመጣው። በካርታ ላይ ስሥለው በፈንታሌና በዶፈን መሀል ያርፋል፣ ያ ባለፈው ጊዜ የተሰነጠቀው መስመር ላይ። የሄደውም የተመለሰውም ክር አንድ ነው የሚሉት።

ሁለት ሰዓት ያህል ከወንበሬ አልተነሳሁም። በዚያ ሌሊት ከመሬት በታች የሆነው ነገር ማንንም አልቀሰቀሰም፤ ግን በ1,200 ሜትር አፈር ላይ በየሁለት ሜትሩ ተጽፏል። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መሬት ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ሲከፈት በአካባቢው ቢያንስ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ምን እናይ ነበር ብዬ አሰብኩ። አይስላንድ ውስጥ ሬይክያኔስ ላይ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን የቴሌኮም ኬብል ላይ ሳጥን ገጥመው ቅልጥ አለቱ ሲንቀሳቀስ በደቂቃዎች ልዩነት እየተከታተሉት ነው። ካሊፎርኒያም ሪጅክረስት ላይ በ2019 እ.ኤ.አ. ከትልቁ መንቀጥቀጥ በኋላ በቀናት ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋለ ፋይበር ላይ ነው የገጠሙት፤ አንድም ቦይ አልቆፈሩም። እኛም ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በመንገዱ ዳር የተቀበረ ፋይበር አለን፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነው የሚያልፈው። አንዲት ትርፍ ክር ነው የምንፈልገው። ክሯን ለመጠየቅ የጻፍኩትን ደብዳቤ ይሄን ሥዕል አያይዤ እንደገና እጽፋለሁ።

ለአክስቴ ደወልኩላት። ስለ ሌሊቱ ነገርኳት። «ታዲያ አወቃችሁት ማለት ነው?» አለች። ከደረሰ በኋላ ነው ያወቅነው አልኳት። «ማወቁ ይሻላል» አለችና ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ማውራት ጀመረች።

የካቲት 3

ባዛልቱን ጠገንን። 110ሩን ሜትር ከፍተን፣ የተነፋ አፈርና ጥቂት ሲሚንቶ በውኃ አቡክተን ኬብሉን ለበጥነው፣ በላዩ 140 ጆንያ አሸዋ ደረደርን። ዛሬ ከሰዓት ነፋስ ነበር፣ ጩኸቱ ግማሽ ያህል ወርዷል። ማርቴሎውን በዚያ ክፍል ላይ ደግመን መታን፣ ካርታው አልተንሸራተተም።

ጋሼ «ሳጥኑ ሲሄድ ሽቦውስ?» ብለው ጠየቁኝ። እዚሁ ይቀራል፣ ሌላ ሳጥን ስናገኝ መጥተን እንሰካበታለን አልኳቸው። ዝም ብለው ይዘውኝ ወጡ። ለካ በመስመሩ ላይ በየ50 እርምጃው ድንጋይ አቁመው ኖራ ቀብተውታል፣ እስከ ክርኑ ድረስ። «ልጄ፣ ክረምት ሲመጣ ትራክተር ነው የሚገባው፣ ሣሩም ይሸፍነዋል» አሉኝ። የቻናሎቹን ካርታ አንድ ቅጂ በላስቲክ ጠቅልዬ ከዕቃ ቤቱ በር በስተጀርባ ሰቀልኩት፣ የእሳቸውንም ድንጋዮች በቁጥር ጨመርኩበት። 24 ናቸው። ነገ ጠዋት ዲስኩን ይዤ አዲስ አበባ እገባለሁ።